ቦውሊንግ በቄጤማ

የቦውሊንግ ኳስ ይዛችሁ በአውቶቡስ ዓባይ በረሃን ወርዳችሁ ታውቃላችሁ? ካላወቃችሁ ምንም አልቀረባችሁም። እኔ ወርጃለሁ። ኳሱን በጆንያ ጠቅልዬ ከወንበሬ ሥር ሸጉጬው ነበር፤ እስከ ጎሃ ጽዮን ድረስም ከኔ ይልቅ ጨዋው ተሳፋሪ እሱ ነበር። ቁልቁለቱ ሲጀምር ግን ከጆንያው ወጣ። እንዴት እንደወጣ እስካሁን አልገባኝም። ብቻ አንድ ከባድ ነገር በመተላለፊያው ላይ ድም ድም እያለ ወደ ፊት ሲወርድ ሰማሁ። ቀጥሎ ከፊት የተቀመጡ አንዲት እናት "ኧረ በማርያም!" አሉ። ቀጥሎ ረዳቱ "የማነው ይሄ?" ብሎ ጮኸ። የኔ ነው አልኩ? አላልኩም። መጋረጃውን ገለጥ አድርጌ ገደሉን ለመጀመሪያ ጊዜ እንደሚያይ ሰው አፌን ከፍቼ ማየት ጀመርኩ።

ኳሱ ሾፌሩ አጠገብ ካለው የሞተር ክዳን ጋር ተጋጭቶ እዚያው ተኛ። ረዳቱ በእግሩ ገፋ ቢያደርገው እግሩን አመመው እንጂ ኳሱ ነቅነቅ አላለም። ድልድዩን እስክንሻገር ድረስ ተሳፋሪው ሁሉ ስለ ኳሱ ተነታረከ፤ አንዱ የወፍጮ ዕቃ ነው አለ፣ ሌላው ሦስቱን ቀዳዳዎች ቆጥሮ ፊት እንዳለው ተናገረ። ከድልድዩ ወዲያ ዳገቱ ሲጀምር ግን ኳሱ ራሱ ነገሩን ቋጨው። በመጣበት መንገድ ተንከባሎ፣ የስንቱን እግር አልፎ፣ የኔ ጫማ ሥር መጥቶ ቆመ። አውቶቡሱ በሙሉ ዞሮ አየኝ። እኚያ እናት "እዩት፣ ባለቤቱን ያውቃል!" አሉ። ደጀን እስክንደርስ ድረስ ኳሱን እንደ ሕፃን ታቅፌ ተጓዝኩ።

ይህን የማወራችሁ አንድ ነገር እንድትይዙልኝ ብዬ ነው። ኳስ ቁልቁለት ላይ አንድ ዓይነት ነው፣ ዳገት ላይ ሌላ ዓይነት ነው፣ ዘይት ላይ ደግሞ ሌላ። ቄጤማ ላይ ምን እንደሚሆን የሚያውቅ ሰው ግን ከኔና ከሰኢድ በስተቀር በዓለም ላይ ያለ አይመስለኝም።

አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ቦውሊንግ ቤት ለዓመታት ሠርቻለሁ። ተጫዋች ሆኜ እንዳይመስላችሁ፤ ሥራዬ ሌኑን ዘይት መቀባት ነበር። ሌን የሚባለው ኳሱ የሚንከባለልበት ረጅም ጣውላ ነው። ከጫፉ ላይ ጠርሙስ የሚመስሉ አሥር ነጫጭ ፒኖች ይቆማሉ፤ ኳሱን ወርውሮ እነሱን መጣል ነው ጨዋታው። ሰው አያውቅም እንጂ ሌን ዘይት ይቀባል። መነሻው ዘይት ይጠጣል፣ መድረሻው ደረቅ ይተዋል። ኳሱ ዘይቱ ላይ ይንሸራተትና ደረቁ ላይ ሲደርስ እንጨቱን ይዞ ይታጠፋል። ዘይቱ ከበዛ ሳይታጠፍ ያልፋል፤ ካነሰ ያለጊዜው ታጥፎ ከሌኑ ጎን ያለው ጉድጓድ ይገባል። እጁ አልታዘዝ ያለው ደንበኛ ሁሉ ወደኔ ዞሮ "ዛሬ ዘይቱን ምን አድርገኸው ነው?" ይለኛል። ያሸነፈው ግን አንድም ቀን "ዘይቱ ጥሩ ነበር" ብሎኝ አያውቅም።

ፒኖቹን የሚያቆመው ሰኢድ ነበር። የሞጣ ልጅ ነው። ፒን የሚያቆም ማሽን ነበረን፤ እሱ አንድ ቀን ሠርቶ ሳምንት ስለሚተኛ ሥራው ሁሉ በሰኢድ ጫንቃ ላይ ነበር። አንድ ክፍል ተከራይተን አብረን ኖርን። እሱ ሙስሊም፣ እኔ ክርስቲያን፤ ከሥጋ በስተቀር ያልተካፈልነው ነገር የለም። ሥጋችን ስለማይገናኝ በሽሮ ተገናኘን፤ ሽሮ ላይ የተመሠረተ ወዳጅነት ደግሞ እንዲህ በቀላሉ አይፈርስም። የሁለታችንም ምኞት አንድ ነበር። የሰውን ሌን ስንቀባና የሰውን ፒን ስናቆም ከመኖር፣ አንድ ቀን በገዛ ቤታችን፣ በገዛ ደጃችን የራሳችን የሆነ ቦውሊንግ እንዲኖረን። ሌላው ሰው መሬትና መኪና ሲመኝ እኛ ይህንን ተመኘን። ምኞት በምርጫ አይደለም።

ቦውሊንግ ቤቱ ሲዘጋ ባለቤቱ ጠርቶን "ለማስታወሻ የምትፈልጉትን ውሰዱ" አለን። ደህና ደህናው ዕቃ ተሸጦ አልቆ የቀረው አንድ ኳስና አሥር ፒን ነበር። ተካፈልን። እኔ ኳስ ካለ ጨዋታ አለ ብዬ ኳሱን መረጥኩ። ሰኢድ ፒን ካለ ጨዋታ አለ ብሎ ፒኖቹን ወሰደ። ሁለታችንም ጓደኛችንን የሸወድነው መስሎን ደስ ብሎን ተለያየን። እኔ ቢቸና ሻይ ቤት ከፈትኩ፤ እሱ ሞጣ የአባቱ ሱቅ ውስጥ ገባ።

ከዚያ በኋላ ኳሴ ምን ሆነ? ባለቤቴ እናኑ የጓዳ በር ማስደገፊያ አደረገችው። እሱ ዘንድ ደግሞ ፒኖቹን እናቱ እትዬ ዘሐራ ወርሰዋቸው፣ አጥበው አድርቀው ቡፌ ውስጥ ከፕላስቲክ አበባው ጎን ደረደሯቸው። እንግዳ በመጣ ቁጥር "ልጄ ከአዲስ አበባ ያመጣልኝ ጠርሙሶች ናቸው፤ ክዳናቸው ግን አይከፈትም" ይላሉ አሉ። እንዲህ ሆነን ሁለት ዓመት ኖርን፤ አንዱ የሚጥለው የሌለው፣ አንዱ የሚጥልበት የሌለው።

በመጨረሻ በስልክ ተስማማን። ሁለት ግጥሚያ እናደርጋለን፤ አንዱን ቢቸና፣ አንዱን ሞጣ። በሁለቱም ግጥሚያ የወደቁት ፒኖች ተደምረው የበለጠው ሰው የሌላውን ድርሻ ጠቅልሎ ይወስዳል። ስለዚህ ወይ ቢቸና ቦውሊንግ ይኖረዋል ወይ ሞጣ፤ ሁለቱም አይኖራቸውም። ይህን በተስማማን ማግስት ለቢቸና ሰው ሁሉ አወራሁ። ማውራቴ አይደለም የከፋው፤ እንዳሸነፍኩ አድርጌ ማውራቴ ነው።

ወዲያው ከሻይ ቤቱ ጀርባ በሲሚንቶ ሌን አሠራሁ። ግንበኛው ውሃ ልኩን ረስቶ መጥቶ ነበርና በዓይኑ ለካው። የግንበኛ ዓይን ደግሞ ጠዋትና ከምሳ በኋላ አንድ አይደለም። ሌኑ ደርቆ ሳየው መነሻው ቀጥ ያለ ነው፣ ከመሐሉ በኋላ ግን ወደ ግራ ያዘነብላል። መጀመሪያ አናደደኝ። ኳሱን ደጋግሜ ስወረውርበት ግን ጠባዩን ለመድኩት። በቀኝ ጠርዝ ብትለቁት ራሱ ዞሮ መሐሉን ያገኘዋል። በመሐል ብትለቁት በግራ በኩል ወጥቶ የእናኑ ጎመን ውስጥ ይገባል።

ሰኢድ ፒኖቹን በጆንያ ይዞ ቢቸና መጣ። ተቃቅፈን ተሳሳምን። ስለ ሌኑ ነገርኩት? ትንፍሽ አላልኩም። ሰኢድ የመጀመሪያውን ኳስ በመሐል ለቀቀው፤ ጎመን ውስጥ ገባ። ሁለተኛውም ጎመን ውስጥ ገባ። ሰፈሩ ሳቀ። እኔ በቀኝ ጠርዝ እለቃለሁ፣ ፒኖቹ ይወድቃሉ፣ ሰፈሩ ያጨበጭባል። ከአምስተኛው ውርወራ በኋላ ሰኢድ እየተሻሻለ መጣ፤ ነገር ግን የጎመኑ ዕዳ ከብዶት ነበርና በስድስት ፒን በልጬው ጨረስን። እጄን ወደ ላይ አንስቼ ሻይ ቤቱን ሁለት ጊዜ ዞርኩ። ሰኢድ ፈገግ ብሎ ፒኖቹን በጆንያው ከቶ በከሰዓቱ መኪና ተሳፈረ። እናኑ ገበታውን እያነሳች "ሽሮውን አስተካክሎ አልበላም" አለች። እኔ ቁጭቱ ነው አልኳት።

አሁን የቀረው የሞጣው ነበር። ሰኢድ በስልክ የባሕር ዛፍ ጣውላ እያስላገ መሆኑን፣ ከላዩም ሰም በጋዝ አሟሙቶ እየቀባው እንደሆነ አጫወተኝ። ሰም! የዘይት ቀቢው እኔ ሆኜ ሳለ ሰም የሚቀባው እሱ ሆነ። ሰም የተቀባ ጣውላ ላይ ኳስ ምን እንደሚያደርግ ማወቅ ነበረብኝ፤ ስለዚህ እናኑ ገበያ የሄደች ዕለት የሳሎናችንን ወንበሮች አወጣሁና ሊሾውን ከበሩ እስከ ቡፌው ድረስ ሰም ቀባሁት። አሸሁት፣ ወለወልኩት። ፊቴን እስኪያሳየኝ ድረስ አብለጨለጭኩት። የውሃ ፕላስቲኮች አሸዋ ሞልቼ ግድግዳው ሥር አቆምኩና ልምምድ ልጀምር ኳሱን ከጓዳው በር ሥር ሳወጣ፣ የነፍስ አባታችን መምሬ ጥሩነህ ጠበል ሊረጩ መጡ።

"ቤቶች!" አሉ መምሬ።

"መምሬ አይግቡ!" ልል አሰብኩ። ለነፍስ አባት ግን አይግቡ አይባልም። ስለዚህ "ይግቡ መምሬ፣ ቀስ ብለው" አልኩ።

"ምነው የታመመ አለ?" አሉና ገቡ። መግባት ከተባለ። ደፉን እንዳለፉ እግራቸውን አላነሱም፤ መስቀላቸውን በአንድ እጅ፣ ጠበሉን በአንድ እጅ እንደያዙ፣ ቀጥ ብለው እንደቆሙ፣ ሳሎኑን በሙሉ አቋርጠው ሄዱ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ቢያንስ በአካሄድ እንከን የለባቸውም ነበር። ወደ መጨረሻው ሲደርሱ ሰሙን ሳልቀባው የተውኩት ደረቅ ቦታ ነበርና እዚያ ሲደርሱ ወደ ቀኝ ታጠፉ። ሦስት የአሸዋ ፕላስቲክ ጥለው ሶፋው ላይ ተቀመጡ። ጠበሉ ግን አንድ ጠብታ አልፈሰሰም።

ወደ መጡበት ዞረው አዩ። ከዚያ "ምን ቀብተኸው ነው?" አሉኝ።

"ሰም ነው መምሬ።"

"ሰም የጧፍ ነው ልጄ" አሉ። ከዚያም እየሳቁ ይሁን እያዘኑ ባልታወቀ ፊት ጠበላቸውን ከሶፋው ሳይነሱ ወደ አራቱም ማዕዘን ረጩ። ሲወጡ ግድግዳ እያስያዝኩ ሸኘኋቸው። እናኑ ከገበያ መጥታ ስለ ሰሙ የተናገረችውን ሁሉ እዚህ ማስፈር አልችልም። እኔ ግን የምፈልገውን አውቄአለሁ፤ ሰም ላይ ኳስ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ መጨረሻው ደረቅ ከሆነ ወደ ቀኝ ይታጠፋል። ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ በሙሉ ልምምድ ነበር። ሰኢድ በሰሙ ሊያሸንፈኝ እንዳሰበ ሰም ለብሼ እጠብቀዋለሁ አልኩ።

ወደ ሞጣ ስሄድ ከዓባይ ትምህርት ወስጄ ስለነበር ኳሱን ድስት ውስጥ ከትቼ ክዳኑን በገመድ አሰርኩት። ጎኔ የተቀመጠው ሰውዬ ከደብረ ወርቅ ጀምሮ ድስቱን ያየዋል። ግንደወይን ስንደርስ አላስችል ብሎት "ምን ወጥ ነው?" አለኝ። "ወጥ አይደለም" አልኩት። ድስቱን አነሳ ለማድረግ ሞከረና "እውነትም ወጥ አይደለም" ብሎ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

ሰኢድ ከሱቁ ጀርባ ረጅም የቆርቆሮ ዳስ ሠርቶ ጣውላውን ዘርግቶበታል። አይቼ ደነገጥኩ። ዓይን ይማርካል። አንድም የሚስማር ጭንቅላት አይታይም፣ ሰሙ ይብረቀረቃል፣ መነሻ መስመሩ በቀይ ቀለም ተሰምሯል። አዲስ አበባ ከቀባሁት ሌን ሁሉ ይበልጣል። አንጀቴን በላው። ይህን የሠራ ሰው ኳሱን ሊያጣ ነው ብዬ አሰብኩ፤ ወዲያው ደግሞ የኔስ ሌን ፒን ሊያጣ አይደል ብዬ ልቤን አጸናሁ።

እትዬ ዘሐራ ወጡና አገላብጠው ሳሙኝ። "ቤትህ ነው ልጄ፣ ግባ፣ አፈር ስሆን ግባ!" አሉ። ለኔ ሲሉ የዚያን ዕለት ቤቱ በሙሉ ሽሮ ነው የሚበላው። ምሳው ላይ ሰኢድም እኔም ጭንቅ ይዞን አልበላንም። እትዬ ዘሐራ እያጎረሱን መሐል ላይ ብድግ ብለው ወጡ፤ ቆይተው እጃቸውን እያራገፉ ተመለሱና "በሉ እንግዲህ ጨዋታችሁን ጀምሩ፤ ሁሉ ነገር ተሰናድቷል" አሉ።

ወጣን። ጎረቤቱ በሙሉ በዳሱ ግራና ቀኝ ተሰብስቧል። ሰኢድ ከፊቴ ነበር፤ የዳሱ ደፍ ላይ ሲደርስ ድንገት ቆመ፣ እኔም ከጀርባው ተጋጨሁ። በትከሻው አሻግሬ አየሁ። ከቀዩ መስመር እስከ ፒኖቹ ድረስ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ ጣውላው በሙሉ ለምለም ቄጤማ ተጎዝጉዞበታል።

"ለእንግዳችን ነው" አሉ እትዬ ዘሐራ። "ባዶ እንጨት ላይ ላስጫውተው?"

ሰኢድ የአንድ ወር ሰሙን እየፈለገ ይመስላል፣ መሬት መሬት ያያል። እኔ የአንድ ወር ልምምዴ፣ የእናኑ ቁጣ፣ የመምሬ ሸርተቴ ሁሉ በዓይኔ ላይ ዞረ። እሱ እናቱን አንሺው ሊላቸው አይችልም። እኔ እንግዳ ነኝ፤ ለክብሬ የተጎዘጎዘ ቄጤማ ይነሳልኝ ብዬ እንዴት እላለሁ? በዘዴ ልንካቸው ብዬ "እትዬ፣ ቄጤማው ምናልባት..." አልኩ።

"አነሰ?" አሉና ሳልጨርስ ወደ ጓሮ ሄደው ሌላ አንድ ክንድ ሙሉ ቄጤማ ይዘው መጡ። ሰኢድ በክርኑ ጎሸመኝ። "ሌላ ነገር እንዳትናገር" አለኝ በጆሮዬ።

ጀመርን። እንግዲህ ቄጤማ ላይ ኳስ እንዲህ ነው የሚሆነው። መጀመሪያ ይሄዳል። ከዚያ ቄጤማውን እየሰበሰበ ይሄዳል። ከዚያ ፀጉር ያበቅላል። ከዚያ መሐል መንገድ ላይ አረንጓዴ ሆኖ ይቆማል። የመጀመሪያዎቹ ውርወራዎቻችን አንዳቸውም ፒን አላዩም። ቄጤማው እየተረገጠ ውሃውን ሲተፋ ደግሞ ከሥር ካለው ሰም ጋር ተባብሮ ሌላ ባሕርይ አመጣ፤ ኳሱ ወደ ፊት መሄዱን ትቶ ወደ ጎን ይሄድ ጀመር። አንዱን ኳሴን ሦስተኛ ረድፍ የቆሙ ሽማግሌ በከዘራቸው መለሱልኝ። ሰኢድ ሲወረውር ፒን የማቆመው እኔ ነኝ፣ እኔ ስወረውር እሱ ያቆማል፤ አንድ ፒን በወደቀ ቁጥር ሁለታችንም እኩል እንደሰታለን። ቤቱ ነውና ግን ቀስ በቀስ ሰኢድ ኃይል መጨመር ተማረ። መጨረሻ ላይ ስንደምረው የቢቸናው ስድስቴ አልቆ እኩል ለእኩል ሆነን ለኔ አንድ ውርወራ ቀረችኝ።

አንድ ፒን። አንድ ብቻ ብጥል ቦውሊንጉ ቢቸና ይገባል። ያለኝን ጉልበት ሁሉ ሰብስቤ ለቀቅኩት። ኳሱ ቄጤማውን እየሰነጠቀ ሄደ፣ ሄደ፣ ከመሐል አለፈ፣ ፀጉር አበቀለ፣ ዘገየ፣ ከፊተኛው ፒን አንድ ስንዝር ሲቀረው ቆመ። ኳሱ እንዲቀጥል በዓይኔ ገፋሁት። አልቀጠለም።

እትዬ ዘሐራ ብድግ አሉ። ነጠላቸውን አጣፍተው በቄጤማው ላይ ቀስ ብለው ሄዱና ኳሱን በእግራቸው "ሂድ አንተ!" ብለው ገፉት። ፊተኛው ፒን ወደቀ፤ አብሮትም ሁለቱ።

"እማ!" አለ ሰኢድ። "ይሄማ አይቆጠርም!"

"ለምን አይቆጠርም? አንተ እነሱ ቤት ሄደህ አሸንፈህ መጣህ። እሱ እኛ ቤት መጥቶ ሊሸነፍ ነው? ወላሂ እንግዳ ከቤቴ ተሸንፎ አይወጣም!"

አሸንፈህ መጣህ? ሰኢድን አየሁት። ሰኢድ ጫማው ላይ የተጣበቀውን ቄጤማ መልቀም ጀመረ። ገባኝ። ከቢቸና ሲመለስ ለእናቱ እንዳሸነፈ ነው የነገራቸው። እንግዳ ሆኖ ሄዶ ጎመን ውስጥ እንደተደበደበ፣ እኔም እጄን አንስቼ ሻይ ቤቱን እንደዞርኩ ቢነግራቸው እኔን በምን ዓይን ያዩኝ ነበር? የዳሱን ምሰሶ ያዝኩ።

"አንድ አንድ ከሆናችሁ የኋለኛው ይበልጣል" ብለው ፈረዱ እትዬ ዘሐራ። ከዚያ ፒኖቹን አንድ በአንድ በጨርቅ እየጠቀለሉ በጆንያ ከተቱልኝ። የመጨረሻዋን ከመጠቅለላቸው በፊት በነጠላቸው ጫፍ ወለወሏት። ልሰናበት ቤት ስገባ ቡፌው ባዶ ሆኖ አየሁት፤ የፕላስቲክ አበባው ብቻውን ቆሟል። ያሸነፈ ሰው ዘፍኖ ነው ወደ አገሩ የሚገባው፤ እኔ ግን ድስቴን በእግሬ መሐል፣ ጆንያውን ጭኔ ላይ አድርጌ እንደ ሐዘንተኛ ቢቸና ገባሁ።

ለእናኑ ሁሉንም ነገርኳት። ሰምታ ስትጨርስ "ቄጤማ ከየት ነው የማስቆርጠው?" አለች።

ለሰኢድ ደወልኩ። "ሦስተኛ ግጥሚያ አለ፤ ያሸነፈ ሁሉንም ይወስዳል" አልኩት።

"ተሸነፍኩ እኮ፣ ምን ሦስተኛ ያስፈልጋል?"

"የመጀመሪያው አይቆጠርም። ሌኔ ወደ ግራ ያዘነብላል። አልነገርኩህም።"

"አውቃለሁ" አለ። "ሁለተኛው ኳስ ላይ ነው ያወቅሁት።"

"ታዲያ ለምን ዝም አልክ?"

"የሰው ቤት ነዋ!" አለ። "እትዬን ይዘህ ና" አልኩት።

ሰኢድና እትዬ ዘሐራ ቢቸና መጡ። እናኑ ሲሚንቶውን በሙሉ ቄጤማ ጎዝጉዛበት ጠበቀቻቸው፤ እትዬ ዘሐራ አይተው "ይሄ ነው ወግ!" አሉ። የዚያን ዕለት አሳቤ አንድ ነበር፤ መሸነፍ። ማሸነፍ ከባድ ነው የሚል ሰው መሸነፍ ሞክሮ አያውቅም። እንዳይታወቅብኝ አንዱን እጥላለሁ፣ ሁለቱን እስታለሁ። ፊቴን አኮሳትራለሁ። አንድ ሁለቴ "እህ!" ብዬ ጭኔን መታሁ። ሰኢድ በበኩሉ መሸነፍ የለመደ መሰለኝ፣ እሱም መሳት ጀመረ። ቢሆንም ተጣጥሬ የኔ የመጨረሻ ውርወራ ሲደርስ በስምንት ፒን እንዲመራኝ አደረግኩ።

ከዚህ በኋላ የሚያሸንፈኝ ነገር የለም፤ ይቅርታ፣ የሚያሸንፈኝ እንጂ የማሸንፍበት ነገር የለም። ለጥንቃቄ ኳሱን በግራ ጠርዝ ላይ ለቀቅኩት። በግራ ጠርዝ የተለቀቀ ኳስ በዚያ ሌን ላይ ከጎመን በስተቀር መድረሻ የለውም። ሄደ። ወደ ጎመኑ አዘነበለ። ደህና አልኩ። ጠርዙ ላይ ግን እናኑ አብዝታ የከመረችው ቄጤማ ነበርና ኳሱ እሱን ሲነካ ዞር አለ፣ ወደ ቀኝ ታጠፈ፣ እንደታጠፈም ቀጥ ብሎ መሐሉን አገኘው።

አሥሩም ወደቁ።

ዕድሜዬን ሙሉ ሌን ቀብቻለሁ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ሰው አሥሩንም ሲጥል እያየሁ ኖሬአለሁ። እኔ ጥዬ አላውቅም ነበር። ሲሚንቶውና ቄጤማው ይህን ደግ ሥራ በትክክለኛው ጊዜ ቢሠሩልኝ ኖሮ ሻይ ቤቱን አይደለም ቢቸናን በሙሉ በዞርኳት። አሁን ግን ማንም አላጨበጨበም። እኔ ፊቴን በሁለት እጄ ይዤ "ይቅርታ!" አልኩ። ሰኢድ ሳቁን ለመዋጥ ጎመኑን ማየት ጀመረ።

"መስመር ረግጧል! አይቆጠርም!" አለች እናኑ።

እግሬን አየሁ። ከመስመሩ አንድ ክንድ ወደ ኋላ ነው ያለው። "አዎ፣ ረግጫለሁ" አልኩ።

"እኔም አይቻለሁ" አሉ እትዬ ዘሐራ፣ ያን ጊዜ ጀርባቸውን ሰጥተው ከጎረቤት ጋር እያወሩ የነበሩት።

ኳሱም ፒኖቹም ሞጣ ገቡ። ኳሱን ድስቱ ውስጥ አድርጌ እስከ መናኸሪያው ድረስ ተሸክሜ የሸኘሁት ራሴ ነኝ፤ መኪናው ሲነሳ እስከ በሩ ድረስ ተከተልኩት፣ አልዋሽም። አሁን የሰኢድ ዳስ በሳምንት ሁለት ቀን ይሞላል አሉ። የኔ ሌን ላይ እናኑ በርበሬ ታሰጣበታለች፤ በርበሬ ማዘንበል አለማዘንበሉ አይገደውም። የጓዳው በር ማስደገፊያ አጥቶ በነፋስ ይጋጫል። እኔም ሻይ እቀዳለሁ። የቢቸና ሰው ስለ ቦውሊንጉ ሲጠይቀኝ መስመር ረገጥኩ እላለሁ።

ማሸነፍ ሲያምረኝ ግን ሞጣ እሄዳለሁ።